በአዋሽ የሚጨስ አፈር

የየቤቱን ጥራጊ በጆንያ የምትለቅመውን ሴት ሙሉ ስም የሚያውቅ በአዋሽ ከተማ የለም፤ ዕድሜዋ ከአርባ የሚያልፍ አይመስልም። ከትከሻዋ የሰፋውን የወታደር ካፖርት በዚያ ሐሩር እንኳ አታወልቅም። በባቡር ጣቢያው አጠገብ ሆቴል ያላት ሱልጣና ልጣጩን ለብቻ፣ ጣሳውንና ጠርሙሱን ለብቻ ማስቀመጥ የለመደችው በእሷ ውትወታ ነው። «አንቺ ሴት፣ ጥራጊዬን እንደ ሙሽራ ነው የምትሸኚው» እያለች ትቀልድባታለች። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ አገሯን ስትጠየቅ ግን ጆንያዋን አንስታ ትሄዳለች።

ዛሬ ማለዳ የቀበሌው ሊቀመንበር «በሽታ ያመጣል» ብሎ ልጣጩን ለማዳበሪያ የምታበሰብስበትን ክምሯን ሊያቃጥል ጋዝ ይዞ መጣ። ሱልጣና ተከተለችው። ሴትዮዋ አልለመነችም፤ ክምሩን በአካፋ ከፈተችው። እንፋሎት ተነሣ፤ ውስጡ ጠቁሮ፣ ዝናብ እንደጠጣ አፈር ሸተተ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እጅዎን ያስገቡ» አለች፣ ዓይኗ እየበራ። «ተባዩን የሚገድለው ይኸው ሙቀት ነው። ለቀበሌው ጎመን እናበቅልበታለን።»

አስገባ፤ ሙቀቱ ሲሰማውም ሳያስበው ፈገግ አለ። ሱልጣና እልል ልትል ምንም አልቀራት። የጋዙ ጀሪካን ግን ከሌላው እጁ አልወረደም። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ በእጅዎ የዳሰሱትን ትኩስ አፈር ይለኩሱት ነበር?