አጥንቱ የማን እርድ ነው?

እናቴ አንገቷ አይዞርላትም፤ ሰው ሲጠራት እንደ በር ሙሉ ሰውነቷን ነው የምታዞረው። ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር «እርጅና ነው እማማ» ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ይመልሷታል። እርጅና አይደለም! ከአዳማ ወደ ደቡብ ባለችው ትንሽ ከተማችን ዕድሜ ልኳን የጠጣችው የጉድጓድ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የእኔን ጥርስ በልጅነቴ ቡናማ አድርጎ ተወኝ፤ የእሷን አከርካሪ ግን አደረቀው።

በዚህ ንዴት ነው የአጥንት ተመራማሪ የሆንኩት። አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ የሚገነቡት ህዋሳት አሉ፣ የሚበሉትም አሉ። የሚበሉት ደግሞ በደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚከላከሉልን ህዋሳት ዘመዶች ናቸው። ፍሎራይድ መካከላቸው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ግማሽ ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ጨረስኩት። ጽሑፎቼ ታተሙ። እናቴ ያንኑ ውሃ ትጠጣ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ፕሮጀክት በሰፈራችን የውሃ ማጣሪያ ሊተክል መጣና አማካሪ አደረገኝ። ማጣሪያው የሚሠራው በከብት አጥንት ከሰል ነው፤ የተቃጠለ አጥንት ፍሎራይዱን ከውሃው ስቦ ያስቀረዋል። በምርቃቱ ቀን ማይክሮፎን ጨብጬ የጉድጓዱ ውሃ አጥንት እንደሚጎዳ አስረዳሁ፤ ጎብጠው የቀሩት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። እነሱ ግን አጨበጨቡልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ማጣሪያው አጠገብ አንድም ጀሪካን የለም። ሴቶቹ አሮጌው ጉድጓድ ጋ ተሰልፈዋል፤ እናቴም አለች።

«ምነው እማዬ?» አልኳት።

«በጾም? በአጥንት ያለፈ ውሃ?»

አጠገቧ የቆሙት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቀጠሉ። «እኛስ ብንሆን ልጄ፣ የማን እርድ እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት እንጠጣለን?»

ደሜ ፈላ። «ከሰል ነው እኮ! ተቃጥሏል! አጥንት አጥንት ነው!» ብዬ በሰው ፊት እናቴ ላይ ጮህኩባት።

እንደተናደድኩ በሚኒባስ ተሳፍሬ አዳማ ወዳለው የፕሮጀክቱ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ «የግንዛቤ ችግር ነው ዶክተር፤ ሥልጠና እንሰጣለን» አለኝ። ሪፖርቱም ላይ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩበት። ያቺን ፊርማ ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በሳምንቱ እናቴ ጋ ስሄድ ቂም አልያዘችብኝም። እንዲሁ ጠየቀችኝ፦ «ይህን ሁሉ ዘመን ስለ አጥንት ተምረህ፣ የማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅክም?»

አልጠየቅኩም። ሁዳዴን አጥብቄ የምጾም፣ ሙስሊም ጓደኞቼ ሰርግ ላይ ለክርስቲያን ተለይቶ ከታረደው በስተቀር ሥጋ የማልቀምስ እኔ፣ አልጠየቅኩም! ላቦራቶሪ ገብቼ ነጭ ጋውን ስለብስ ይህን ሁሉ በር ላይ አንጠልጥዬው ነበር የምገባው።

ከሰሉን ለሚያቀርበው ነጋዴ ደወልኩ። «ከየሆቴሉና ከየሥጋ ቤቱ ጓሮ ነው የምንሰበስበው፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አለበት» አለኝ። ቀጥሎም «ምን ችግር አለው ዶክተር? አጥንት አጥንት ነው» ብሎ ሳቀ።

ከመጀመሪያው ብንጠይቅ ሁለት ማጣሪያ ለየብቻ መትከል፣ ለጾም ደግሞ ውሃ በቦቴ ማምጣት ይቻል ነበር። ማን ይጠይቅ? የሴቶቹ ጥያቄ የግንዛቤ ማነስ ተባለ፤ የእኛ አለመጠየቅ ግን ስም እንኳ አልወጣለትም። ፕሮጀክቱም ጊዜውን ጨርሶ ሄደ።

ለእናቴ አጥንቱ የተደባለቀ መሆኑን ነገርኳት። ሙሉ ሰውነቷን አዙራ አየችኝ።

«እንኳን አልጠጣሁት» አለች።

ከዚያ የጉድጓዱን ውሃ በጣሳ ቀዳች፤ አንገቷ ወደ ኋላ ስለማይል ጣሳውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እያዘነበለች እስከ መጨረሻው ጠጣችው። እኔ ቆሜ አየኋት።