የሺ ብቻዋን ያገኘችው መልስ

ዛሬ አራዳ ውስጥ ስሄድ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሸተተኝና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሜካኒክስ ሒሳብ የተፈተንንበት ቀን ትዝ አለኝ። ከክፍል እንደወጣን ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመን መልስ አመሳከርን። ተዳፋት ላይ ለሚንሸራተተው ሳጥን ሦስታችን አንድ መልስ ሰጥተናል፤ ከመካነ ብርሃን የመጣችው የሺ ብቻ ተለየች።

«ሳጥኑ ሲንሸራተት የሚይዘውን ሰበቃ ረስተሽው ነው» አልናት።

ዩኒቨርሲቲ ካልገባች ትምህርቷ እዚያው ያበቃ ነበርና ዓይኗ እንባ ሞላ። ሊወስዷት የመጡት አባቷ ጠጋ አሉ።

«ምነው ልጄ?»

«የእኔ መልስ ከሁሉም ተለየ፣ አባዬ።»

«እነሱ አብረው ተሳስተው ቢሆንስ?» አሉና ቦርሳዋን ተቀብለው ወደ መናኸሪያ ይዘዋት ሄዱ።

እኛ ሳቅን። ትንሽ ቆይተን ግን ጥያቄውን እንደ አዲስ ሠራነው፤ ሦስታችንም የተለያየ መልስ አገኘን። የሺን ከዚያ ወዲህ ስላላየኋት፣ ይህን ሳልነግራት ቀረሁ።