ሰባት ያለው ወንድሜ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ እናታችን በሞተች ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት መናገር አቆመ። ሕመም አልነበረበትም፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሲጠሩት ይዞራል፤ ቃል ግን አይወጣውም። አባታችን ወደ ጅቡቲ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ብዙውን ቀን ከቤት ውጭ ነው የሚያድረው። እሱ በሌለ ጊዜ ሁለታችንንም የምትይዘን፣ ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢ የምንጋራት ጎረቤታችን አዴ ሙና ነበረች።

አዴ ሙና ሐረር ተወልዳ ድሬ የኖረች፣ ኦሮምኛውንም ሱማሌኛውንም ከአማርኛው ጋር እያቀላቀለች የምታወራ ሴት ናት። የመግሪብ ሶላቷን ስትጨርስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ታነጥፋለች። የቀኑ ሙቀት ገና ከአሸዋው አልወጣም፤ ሳምቡሳ የጠበሰችበት ፍም አመድ ለብሶ ከሥሩ ይቀላል፤ ፋኖሱ በረንዳው ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል። ያኔ ተረት ትጀምራለች። የእሷ ተረት ታዲያ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ቁጥር ነበረበት፤ ቁጥሮቹ በምን ደንብ እንደሚሄዱ ደርሰንበት ቀጣዩን ካልነገርናት ወደፊት አትሄድም። ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ስለሆንኩ የምመልሰውም እኔ ነበርኩ። ዳዊት ጭኗ ላይ ተጋድሞ ያዳምጣል።

አባታችን ሲጨነቅ ከረመና ዳዊትን ወደ አያታችን አገር ሊልከው ወሰነ። ጠበል ያስጠምቁታል፣ ከዘመድ መሃል መሆኑም ይሻለዋል አለ። አዴ ሙና «አቦ ልጁን ተወው፣ የሚለው ሲኖረው ይናገራል» ብትለውም አልሰማትም። ከሥራ ሲመለስ ሊወስደው ቀን ቆርጦ ሄደ፤ የዳዊት ልብስም ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ገባ። እናታችን ሄዳለች፤ አሁን ደግሞ እሱ ሊሄድ ነው።

በዚያው ምሽት አዴ ሙና ጀልዴሳ አካባቢ ብቻዋን ትኖር የነበረች አንዲት ባል የሞተባት ሴት ተረት ጀመረች። ሴትዮዋ ፍየሎች አሏት። መጀመሪያ አንድ ጅብ በሯ ላይ መጥቶ አጥንት ጠየቃት፤ ሰጠችውና ሄደ። በማግስቱ ሁለት ሆነው መጡ። በሦስተኛው ቀን አራት። ለሚመጡት ሁሉ የሚበቃ አጥንት ካላዘጋጀች፣ ያልደረሰው ጅብ ፍየል ይዞባት ይሄዳል።

«እንግዲህ ነገ ስንት ይመጣሉ?» አለች።

ለእኔ ቀላል ነበር፤ በየቀኑ እጥፍ እየሆኑ ነው። «ስምንት» አልኩ።

«ሰባት» አለ አንድ ድምፅ።

ድምፁን ረስቼው ስለነበር ማን እንደተናገረ ወዲያው አልገባኝም። ዳዊት መሆኑን ሳውቅ እንኳ፣ ተሳስተሃል ልለው አፌን ከፈትኩ። አዴ ሙና እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም።

«እንዴት ሰባት ሆኑ፣ ልጄ?»

ዳዊት ከጭኗ ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። «መጀመሪያ አንድ ተጨመረ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ሁለት ተጨመሩ። አሁን ሦስት ይጨመራሉ።»

በጣቷ ምንጣፉን እየነካካች ቆጠረች። «ወላሂ ይሄዳል» አለች። ወደ እኔ ዞረችና «ያንቺም ይሄዳል፤ ዛሬ ግን በሱ እንሂድ» አለችኝ። ከዚያ ተረቷን ቀጠለች። ሴትዮዋ ሰባት አጥንት ደረደረች፤ ሰባት ጅቦች መጡ፤ አንድም ፍየል አልጎደለም። «በማግስቱስ?» ስትል ዳዊት «አሥራ አንድ» አላት።

አባታችን ሲመለስ ዳዊት ተረቱን ራሱ ነገረው፣ እየተንተባተበ፣ እየደጋገመ። አባታችን የሥራ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞው ያነሳ ሰው የለም።

ለምን ያን ምሽት እንደተናገረ ዳዊትን ካደግን በኋላ ጠይቄው ነበር። አያስታውሰውም። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ተማሪ ያልጠበቅኩትን ቁጥር ሲነግረኝ፣ ልክ አይደለም ከማለቴ በፊት እንዴት እንዳገኘው እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተሳስቶ ነው። አንዳንዴ ግን ይሄዳል።

አዴ ሙና አርጅታ ሳለች፣ ስምንት ጅቦች ቢመጡ ኖሮ ተረቱ እንዴት ያልቅ እንደነበር ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «እኔ እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ በሰባት ነው የማውቀው» አለችኝ።