ስለ ውርጩ ነግረውኝ ነበር

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ስሰጥ ስለ መጠጤ ተናግሬያለሁ፤ ሚስቴን ስላስለቀስኩባቸው ዓመታትም ተናግሬያለሁ። ሰው አልቅሶልኛል። ይህንን ግን አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም። አሁን ላንተ ልንገርህ፤ ብቻ ላጽናናህ ብለህ አትቸኩል። የሚያጽናኑ ሰዎች አሰልችተውኛል።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ዲላ ውስጥ ሱቅ የነበረው የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ጌዴኦኛ ያወቅሁት ከደንበኞቻችንና ከሰፈር ልጆች ነው። በዚሁ ቋንቋ ምክንያት ቡሌ ደጋ ላይ በተከፈተ አንድ የችግኝ ጣቢያ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጡ አቶ መርዕድ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጌዴኦኛ አንድ ቃል አይሰሙም። ችግኝ የሚፈላባቸውን መደቦች የሚንከባከቡት ደግሞ ጋሽ ጂግሶ ናቸው፤ እዚያው ደጋ ላይ ተወልደው ያረጁ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሰው። በሁለቱ መካከል የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻ።

ኅዳር ላይ አቶ መርዕድ የፈረንጅ ጽድ ዘር በበርሜል ውሃ አስዘፈዘፉ። ቶሎ በቅሎ ለክረምቱ ተከላ እንዲደርስላቸው ፈልገው ነው። ጋሽ ጂግሶን አስጠርተው፣ «እስቲ ጠይቀው፤ መደቡ ለዘር ዝግጁ ነው?» አሉኝ።

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው በአዎና በአይደለም የሚመልሱ ሰው አልነበሩም። ቁጢጥ ብለው ከበርሜሉ ዘር ዘገኑና መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ፣ ቀስ ብለው ይነግሩኝ ጀመር።

«መደቡስ ዝግጁ ነው ልጄ። ዘሩ ነው የሚያሳስበኝ። ደረቅ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ውርጩን ያሳልፋል። ውሃ ጠጥቶ አፉን የከፈተ ዘር ግን አይችለውም። ብቅ ያለውማ ይብሳል፤ አንገቱ ገና ውሃ ነው፤ እንጨት እስኪሆን ወራት ይፈልጋል። ወይ ብርዱ ይለፍና ይዘራ፤ ወይ ከመደቡ በላይ የቀርከሃ ጣሪያ ይሠራና ማታ ማታ ሣር እናልብሰው። ይህን ንገርልኝ።»

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ዲላ ላይ የኳስ ጨዋታ ነበረን፤ የሚያወርደኝ መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ቃል ሳመላልስ ታክቶኛል። የሽማግሌው እርጋታ አናደደኝ።

«ዝግጁ ነው ይላሉ» አልኩ።

አቶ መርዕድ ሞኝ አልነበሩም። «ይህን ሁሉ አውርቶ ይህችን ብቻ?» አሉኝ። «ሽማግሌ ነገር ይደጋግማል» ብዬ መለስኩ። ያንን ለመተርጎም ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር? ሁለት? ሦስት? ሾፌሩስ ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር? ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለቴም ዋሸሁ፤ ለኳስ ብዬ። ጨዋታውን ደግሞ ተሸነፍን። ብናሸንፍስ ምን ልንሆን ነበር?

ዘሩ በታኅሣሥ በቀለ። መደቡ አረንጓዴ ጸጉር ያበቀለ መሰለ፤ አቶ መርዕድ በየቀኑ እየዞሩ ያዩት ነበር። ከዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ በአንድ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ ቀለጠ፤ ችግኞቹ ጠቁረው ተኙ። አንዱን በጣቴ ባሸው ውሃ ሆነ። አንገቱ ገና ውሃ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።

አቶ መርዕድ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እዚህ ተወልዶ ያረጀ ሰው ውርጭ እንደሚመጣ አያውቅም? ለምን አልነገረኝም? ጠይቀው።»

ይህንን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ጋሽ ጂግሶ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ዘሩ የተዘፈዘፈ ቀን ተናግሬያለሁ። የነገርኩት ለዚህ ልጅ ነው፤ እሱን ይጠይቁት» አሉ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ነበር።

«ወደ አንተ የሚያመለክተው ምን ብሎ ነው?» አሉ አቶ መርዕድ።

«አማልደኝ እያሉኝ ነው። አላወቅሁም፤ ይቅር ይበሉኝ ይላሉ።»

ሰው ራሱን ሲከላከል አፉን ተውሼ ጥፋተኛ ነኝ አስባልኩት። ይህንን ምን ብለህ ትጠራዋለህ? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

ጋሽ ጂግሶ በዚያው ሳምንት ተባረሩ። ቤታቸው በጣቢያው ግቢ ውስጥ ስለነበር ከነባለቤታቸው ለቀው ወጡ። ከጓሮ የተከሉት እንሰት ለምግብ ሊደርስ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር፤ ለሌላ ሰው ቀረ። እኔስ? አቶ መርዕድ እንደገና ሊያስዘሩ ሲሉ፣ የቀርከሃ ጣሪያ ቢሠራና ማታ ማታ ሣር ብናለብሰው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የራሴ ሐሳብ አስመስዬ ነው ያቀረብኩት። ችግኙ ተረፈ። ተመሰገንኩ፤ ደሞዝም ተጨመረልኝ። ዛሬም ያንን ጽድ እያሳየ ያንተ ሥራ ነው የሚለኝ ሰው አለ፤ ያንን ስሰማ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ጂግሶን ገደብ ከተማ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። በሰው መሬት ላይ ቡና እየኮተኮቱ ነበር የሚኖሩት። ልሸሽ ስል ጠሩኝና አቀፉኝ። «ያ አለቃህ ልበ ደረቅ ነበር። አንተማ ስትለምንልኝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፈጣሪ ይባርክህ» አሉኝ። ለካ ያን ቀን ለአቶ መርዕድ የተናገርኩትን ሁሉ ለእሳቸው የቆምኩበት ሙግት መስሏቸው ኖሯል። እዚያ ገበያ መሃል አስተርጓሚ አላስፈለገንም፤ በገዛ ቋንቋቸው እውነቱን መናገር እችል ነበር።

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው።

ልጅ ነበርክ አትበለኝ። ፈርተህ ነው አትበለኝ። ያን ቅዳሜ ማንን ፈርቼ ነው? ገደብ ላይስ ማን ይጎዳኝ ነበር? ይቅርታ የመጠየቂያው ቀን ያ ነበር፤ ካንተ የምፈልገው ይቅርታ የለም።

ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። ሴት ልጃቸው ከድንኳኑ ወጥታ ተቀበለችኝ። «አባቴ ስምህን ሳያነሳ አይውልም ነበር» ብላ ከሽማግሌዎቹ መሃል ቦታ አስለቀቀችልኝ።

እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ።