አራት ጣት እጥፋት

ልጅ ሳለሁ የገና መድረስ የሚታወቀኝ በከሰል ካውያ ሽታ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የነበረችን አንዲት ክፍል ስትሆን እሷኑ በመጋረጃ ለሁለት ከፍሏት፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ የስፌት መኪናው የተተከለበት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ደግሞ እኛ አምስታችን የምንኖርበት ቤት ነበር። የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ደንበኛ ስለሚበዛ ሱቁ እስኪመሽ ክፍት ይሆናል። እናቴ ሽንኩርቷን ሸጣ ከገበያ እስክትገባ እኛ ልጆቹ መኪናው አጠገብ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃታለን። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበርና አባቴ ፋኖሱን ለኩሶ መኪናው ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የካውያውን ክዳን ከፍቶ ፍሙን እፍ ሲለው ፊቱ በቀይ ብርሃን ይታየናል፤ ተረት እንደሚመጣም በዚያ እናውቃለን። የሚያወራው እየሰፋ ስለሆነ ተረቱ ከመኪናው ጋር ይሮጣል፣ ክር ሲበጠስም ይቆማል፤ እኛም ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ እስኪገባ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን።

በጣም የምንወደው የጦጢትን ተረት ነበር። ጦጢት የዱር አራዊት ሁሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። እመት ዝሆን መጥታ «ለልጄ የበዓል ልብስ ስፊልኝ፤ ግን ቶሎ ስለሚያድግ ሰፋ አድርጊው» ትላታለች። ጦጢት ዛፍ ላይ ወጥታ ልጁን ስትለካው፣ ለክታ ስትወርድ አድጎ ይጠብቃታል፤ እንደገና ትለካለች፣ እንደገና ያድጋል። መጨረሻ ላይ ቸግሯት በጉልበቱም፣ በክንዱም፣ በአንገቱም፣ በሄደችበት ሁሉ እጥፋት እየተወች ሰፋችለት። «ይኸው እስከ ዛሬ ዝሆን ቆዳው የተጨማደደው ለዚህ ነው» ይለን ነበር አባቴ፤ «እናቱ ያድግበታል ብላ!» ይህን ሲሰማ ወንድሜ ደረጀ በሳቅ ጨርቁ ላይ ይንከባለላል።

የምንስቀው ራሳችንን ስለምናውቅ ነው። እኛም የእመት ዝሆን ልጆች ነበርን። አባቴ የእኛን የገና ልብስ የሚሰፋው የሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ «ልጅን ሳያዩ ስጦታ አይቆረጥም» ስለሚል ለሳምንታት ሳናውቅ ሲያየን ይከርማል። ደረጀ ብዩን በቀዳዳ ኪስ እየጣለ ሲያለቅስ ያየው ጊዜ ኪሱን በሸራ ሰፋለት። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ማንሾካሾክ የጀመርኩ ዓመት በቀሚሴ ውስጥ በኩል ማንም የማያያት አንዲት ትንሽ ኪስ አበጀልኝ፤ ለምን እንደሆነም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ለሁላችንም የማይቀረው ግን እጥፋት ነበር። የልብሱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል፤ በዓመቱ ቁመት ስንጨምር ስፌቱ ይተረተርና ልብሱ ይረዝማል። የሚለካውም በጣቱ ነው። ለትልቅ ልጅ ሁለት ጣት፣ ለመካከለኛ ሦስት፣ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይመዘዛልና አራት ጣት። ምልክቱን በሳሙና ቅሪት ያሰምራል። መተርተሩ የእኔ ሥራ ነበር። በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ ስበጥስ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ደምቆ ይወጣል፤ እኛም በዚያ የማን ቁመት ምን ያህል እንደጨመረ እያየን እንፎካከራለን።

በዚህ ሁሉ የተበደለችው ታናሻችን አስቱ ነበረች። ትንሽ ስለሆነች እጥፋቷ ይበዛል፣ ልብሱም ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥላታል፤ ትከሻው ይወርድባታል፣ እጅጌው መዳፏን ይውጠዋል። ልብሱ በመጨረሻ ልኳ ሲሆን ደግሞ ወይ ነጥቷል ወይ ተቀዷል። «አባባ፣ የኔ መቼ ነው ልኬ የሚሆነው?» ትለው ነበር። እሱም «ሲያድጉ ነው እመቤቴ» ይላትና አፍንጫዋን በሜትሩ ጫፍ ይነካታል።

አስቱ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት ደረጀ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ አንድ ነበርን። በክረምቱ ጉሮሮዋን አሟት ዳነች፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቦኖ ውኃ ስንሄድ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀመረች። እኔ ሰንፋ መስሎኝ «ጀሪካን ላለመያዝ ነው» እላት ነበር። ይህን ማለቴ ዛሬም ያቃጥለኛል። አባቴ ሆስፒታል ወሰዳት፤ ልቧ ነው ተባለ፤ ብዙ ዓይነት ምርመራ ተደረገላት። ውጤቱን ሊሰማ የሄደው እሱ ብቻውን ነው፤ ቀኑ ለእናቴ የገበያ ቀን ነበር። ሲመለስ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ መርገጫውን ግን አልረገጠም። እናቴ ገብታ ምን እንዳሉት ስትጠይቀው «መድኃኒቱን ትቀጥል ብለዋል፤ ደህና ትሆናለች» አላት። እናቴ «ተመስገን» ብላ ነጠላዋን አወለቀች።

ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው የጦጢትን ተረት እንዲነግረን ለመንነው። ዝሆኑ ጋ ደርሶ እንደ ሁልጊዜው ሳቅን፤ ተረቱ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ እሱ ግን ቀጠለ። ከዝሆኗ በኋላ ቢራቢሮ መጣች አለን። ጦጢትም «ስንት ጣት እጥፋት ልተውልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ቢራቢሮም «ምንም አትተዪልኝ፤ የዛሬን ብቻ ልኬን አድርጊልኝ» አለቻት። ጦጢት ከሳጥኗ ሥር ለማንም ሳትሰጥ ያስቀመጠችውን ጥሩውን ጨርቅ አወጣችና ሰፋችላት። «ለዚህ ነው የቢራቢሮ ልብስ አንድም መጨማደድ የሌለበት» አለን።

«ከዚያስ?» አለ ደረጀ።

«ከዚያማ በረረች።»

እኔ ተረቱ የተበላሸ መሰለኝና ቢራቢሮ የምትባል በዚህ ተረት ውስጥ እንደሌለች ተከራከርኩት። አስቱ ግን ጨርቁ ላይ እንደተጋደመች «ታድላ» አለች። አባቴ ካውያውን አንሥቶ ፍሙን ሊያራግብ ወደ ደጅ ወጣ፤ ሲያራግብም ብዙ ቆየ።

የገና ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድፎ ዳቦውን ልትቆርስ ስትል አባቴ ልብሳችንን አወጣ። የደረጀ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ድርብ ነበር። የእኔ ቀሚስ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። የአስቱ ቢጫ ነበር፣ ከቁርጥራጭም የተገጣጠመ አልነበረም፤ አባቴ ከሱቅ የገዛው ሙሉ ጨርቅ ነው። ስትለብሰው ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ፣ እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ፣ ጫፉ ጉልበቷን ነካ። እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ የበኩር ልጅ አመል አለብኝ፤ ለማን ምን እንደደረሰ ሳልለካ አላድርም። ቅናት ውስጤ ገባ። ተንበርክኬ የቀሚሷን ጫፍ ገለበጥኩት።

«አባባ፣ የአስቱን እጥፋት ረስተኸዋል» አልኩ። «የኔ መሬት ሊጠርግ ነው፤ የሷ አንድ ጣትም የለው። ለከርሞ ምን ልትለብስ ነው?»

አባቴ በጨርቅ ነገር ሲረሳ ታይቶ አይታወቅም። እናቴ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቢላዋውን ዳቦው ላይ ትታ መጣች፤ አስቱ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ጫፉን በጣቶቿ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ አንድ ጊዜ ጨርሳ እንደገና ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ የሚያየው ካውያውን ነበር፤ ፍም አልነበረበትም።

«መቼ ነው የነገሩህ?» አለችው።

«ዛሬን ተይው። በዓል ነው።»

«መቼ ነው?»

«ብቻዬን የሄድኩ ዕለት።»

እናቴ ተነሥታ እጇን ታጠበችና ዳቦውን ቆረሰች። አስቱ በቤቱ መካከል እየተሽከረከረች «ልኬ ነው፣ እዩኝ፣ ልኬ ነው» ትላለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ገና አልገባኝም ነበር፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደሰበርኩ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ አስቱ ደክሟት ተኛች። እናቴ ቢጫውን ቀሚስ ቀስ ብላ አወለቀችላትና ወደ ሱቁ ይዛው ሄደች። ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ ከቀሚሱ የተረፈውን ቢጫ ጨርቅ ፈልጋ አገኘች። በራሷ ጣት አራት ለካች፤ ፋኖሱን አስጠጋችና ከቀሚሱ ጫፍ ጋር በውስጥ በኩል ትሰፋው ጀመር። ባሏ ልብስ ሰፊ ስለሆነ እናቴ መርፌ የመያዝ ልምድ አልነበራትም፤ ስፌቷ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ሽቅብ የሄደ ነበር። የደንበኛ ቁልፍ ጠማማ ከሆነ እንቅልፍ የማይወስደው አባቴ ያንን ስፌት አጠገቧ ተቀምጦ ሳያርመው አየ። ክሯ ሲያልቅ መርፌውን ከእጇ ወስዶ ሌላ ክር አገባበትና መለሰላት። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያቸው ነበር፤ የሆነውን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

አስቱ ቀሚሱን ለጥምቀትም ለበሰችው። እናቴ ከገና ማግስት ጀምሮ ገበያ መሄድ ትታ እሷን ታቅፋ ዋለች፤ ፀጉሯን እየሠራች ታፈርሰዋለች፣ እንደገና ትሠራዋለች። ፋሲካ ሳይደርስ፣ በሁዳዴው መካከል አስቱ ሞተች። ጎረቤቶች መኪናውን ወደ ጥግ ገፍተው ለለቀስተኛ ቦታ ሲያበጁ ቁርጥራጩ ክምር ተበተነ፤ ቢጫ ጨርቅ ባየሁ ቁጥር እያነሣሁ ኪሴ ውስጥ፣ ያቺ አባቴ የሠራልኝ የምስጢር ኪስ ውስጥ እከት ነበር። ምስጢር መያዝ የማልችል ልጅ እንደነበርኩ ያወቅሁት ኪሱ ከተሠራልኝ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አባቴ ከዚያ በኋላም ለእኔና ለደረጀ የገና ልብስ ሰፋልን፤ እጥፋቱንም በጣቱ እየለካ ተወልን። ተረት ግን ቀረ። ደረጀ በዓመቱ የጦጢትን ሲጠይቀው «ረስቼዋለሁ» አለው።

ለብዙ ዘመን ከእናቴ ላይ የጥቂት ሳምንት ተስፋ የነጠቅሁት እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ባታውቅ ኖሮ እነዚያን ቀኖች ገበያ ውላ ታሳልፋቸው ነበር እላለሁ፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም። አባቴ ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ መኪናውን ከሸጠ በኋላ፣ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁት። ለማስመሰል ያህል እንኳ ሁለት ጣት ለምን አልተወም ነበር? «ልኬ መቼ ነው ትለኝ ነበር እኮ» አለኝ። «ለሰው ሁሉ ልኩን ሰፍቼ ለእሷ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሰፋላት ልትሄድብኝ ነው ብዬ ነው። እናትሽ ታየዋለች ብዬ አላሰብኩም። እኔ የማስበው ስለ ትከሻው ነበር።»

ዛሬ ቤቴል ነው የምኖረው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ገና ሲቃረብ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ሻጮቹ የልጆቹን ዕድሜ ይጠይቁኛል፤ እኔም ዕድሜያቸውን ጨምሬ እናገራለሁ። ባለቤቴ «ድንኳን ነው የገዛሽላቸው?» እያለ ይስቅብኛል። ልክ የሆነ ልብስ ለልጆቼ መግዛት አልቻልኩም። ለታናሹ የማያረጅ መጫወቻ፣ ለታላቋ የሚነበብ መጽሐፍ እመርጥላቸዋለሁ፤ እንደ አባቴ ለሳምንታት ሳያውቁ አያቸዋለሁ፤ ልብስ ላይ ስደርስ ግን እጄ ራሱ ወደ ሰፊው ይሄዳል።

ቢጫውን ቀሚስ እናቴ ለእኔ ሰጥታኛለች። ባለፈው ዓመት ታላቋ ልጄ ማርታ ስድስት ሲሞላት ከቁም ሳጥኑ አግኝታ ለበሰችው፤ ትከሻዋ ላይ ልክ ተቀመጠ። ተቆጥቼ አስወለቅኋትና አለቀሰች፤ ለምን እንደተቆጣሁም ልነግራት አልቻልኩም። ዘንድሮ ገና ሳምንት ሲቀረው ተደብቃ እንደገና ሞከረችው። ክንዷ አንድ እጅጌ ውስጥ ተይዞ፣ ፀጉሯ ቁልፍ ላይ ተጠምጥሞ ወደ እኔ መጣች።

«እማዬ፣ ጠበበኝ» አለች።

ተቀመጥኩ። አስቱ ይህችን ቃል ሳትላት ነው የሄደችው። ማርታ ግን ሌላ ነገር አይታ ነበር፤ ጫፉን ገልብጣ፣ እኔ በዚያን ጠዋት እንደገለበጥኩት አድርጋ፣ የእናቴን ጠማማ ስፌት አሳየችኝ።

«እዪው፣ እጥፋት አለው። ቢተረተር እኮ ይረዝምልኛል።»

ቀሚሱን ቀስ ብዬ አወለቅሁላትና በታጠፈበት አጠፍኩት።

«አይ ልጄ» አልኳት። «እሱ የአክስትሽ ነው። ለከርሞ ነው።»