የመምህር አያልነህን ገጽ የዘጋሁት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ይህችን ግን እሳቸውም አያውቋትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ነው። ፈሪ መሆኔን ከዚህ ጀምራችሁ እወቁ።

ባሕር ዳር፣ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጥፉትን የአማርኛ ጽሑፍ እመረምር ነበር። ጥቆማ የደረሰበትን ከፍቶ አንብቦ ማሳለፍ ወይም ማጥፋት፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ግማሹ ሰው የመንግሥት ተላላኪዎች ይለናል፣ ግማሹ የተቃዋሚ። ሁለቱንም እንቃቸው ነበር። የራሱ ስድብ ሲጠፋ መብቴ ተነካ የሚለው ሰው፣ የባላንጣው ስድብ እስካሁን ለምን አልጠፋም ብሎ ይጮሃል። እኔ ከሁሉም በላይ ነኝ እል ነበር። ምን ስለሆንሁ?

መምህር አያልነህ ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ከሌላ ልጅ ገልብጬ ያቀረብሁትን ድርሰት ተማሪው ፊት አንብበው «ይህ ያንተ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኋላ ሐይቁ መካከል ወዳለችው ደቅ ደሴት ተዛወሩና ጀልባ መቼ እንደሚነሣ፣ ሐይቁ መቼ እንደሚናወጥ የሚናገር ገጽ ከፈቱ። የደሴቱ ሰው በሽተኛውን የሚያሻግረው ያንን ገጽ አይቶ ነበር።

አንድ ቀን ጀልባው በአንድ ሹም ትእዛዝ መቆሙን፣ በሽተኞች ዳር ላይ መዋላቸውን ጻፉ፤ ሹሙንም ለምን ብለው ጠየቁ። ጥቆማው ጎረፈ። ሁሉም ያው አንድ ዓረፍተ ነገር፤ የተቀነባበረ መሆኑን አውቄአለሁ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ደንብ የጣሰ አንድ ቃል የለበትም። ይህንንም አውቄአለሁ። ግን ከመዝጊያ ምክንያቶቹ «ዓመፅ ማነሣሣት» የሚለውን መርጬ ገጹን ዘጋሁት። ለምን? ድርሰቴን ስላነበቡብኝ! ደመወዝ የሚበላ፣ ጺም ያወጣ ሰው ሆኜ ለዚያች ቂም ብዬ ዘጋሁት።

አቤቱታ አስገቡ። አቤቱታው የደረሳት ባልደረባዬ አንተ ያገሩ ሰው ነህ፣ ሰውየውን ታውቃቸዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አደገኛ ሰው ናቸው አልኋት። አምናኝ ውሳኔዬን አጸናችው።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። አንዱ ወገን ገጹን የዘጉት ለሹሙ አድረው ነው አለ፣ ሌላው ደግ አደረጉ አለ። ቂም ነው ያለ አንድም አልነበረም። እኔም ጭቅጭቃቸውን እያነበብሁ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ሹሙ ደግሞ የገጹን መዘጋት ማስረጃ አድርጎ መምህሩን ከሥራ አሳገዳቸው።

በዓመቱ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ አገኘኋቸው። ከስተዋል። አገላብጠው ሳሙኝና ኮምፒውተር ላይ እንደምሠራ ሲሰሙ፣ ገጹን የሚያስከፍት ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እሳቸው እየነገሩኝ በስልኬ ጻፍሁ።

«ለመሆኑ ማን ነው የዘጋብኝ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ፖለቲካ ነው፣ መምህር» አልኋቸው።

«ሰው ቢሆን ኖሮ ሄጄ ምን በደልሁህ እለው ነበር» አሉና መርቀውኝ ወደ ጀልባው ወረዱ።

ማመልከቻውን ጀልባው ሳይነሣ አጠፋሁት።

ወጣት ነበርሁ፣ ሥራው ከባድ ነበር ብዬ አላመካኝም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ደቅ በጀልባ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።