የሀያቱ ማህተም

ሀያቱ በሚሌኒየሙ ሰሞን ሶማሌ ተራ ላለው ሱቁ ፕሌይስቴሽን ያስመጣው፣ ማሽኑን በመጣበት ዋጋ ሸጦ ከጌም ሲዲው ሊያተርፍ ነበር። ፋብሪካዎቹም የሚከብሩት እንዲሁ ነው ሲባል ሰምቷል። ማሽኑ ቶሎ እንዲሸጥለት ግን ኮፒ ሲዲ እንዲያጫውት ቺፕ አስገጠመለት። አይ ሞኝ! የገዛ ጉሮሮውን በገዛ እጁ ዘጋ። ማሽኑ በሽሚያ አለቀ፤ ገዢው ግን ርካሹን ኮፒ ሲዲ ከአባዢዎች ሸመተ፤ ለዋስትና ሽፋኑ ላይ የሱቁን ማህተም የመታበት ኦርጅናል ሲዲ አቧራ ለብሶ ቀረ።

በዓመቱ አንድ ቀን ጌም ቤት ያለው ማሙሸት ሲዲ ይዞ መጣ።

«ጋሼ ሀያቱ፣ ይሄ አይሠራም፤ ይቀይሩልኝ።»

«ከእኔ ነው የገዛኸው?»

«ከየትም ልግዛው፣ ማህተሙ የእርስዎ ነው!»

እውነትም ነው። አባዢዎቹ አምና ከሱቁ አንድ ኦርጅናል ገዝተው፣ ሽፋኑን ከነማህተሙ ፎቶኮፒ አድርገውታል። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ ሀያቱ ደግሞ ስሙ በክፉ እንዲነሳ አይወድም። አንድ ኦርጅናል አውርዶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠው።

በዚያ ዓመት ከሱቁ የወጣው ኦርጅናል ሲዲ ያ ብቻ ነበር።